ጋሽ ወልዴ እንደተረጎመው

ጋሽ ወልዴ ማረፉን የሰማሁት ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው ጊምቦ ለመስክ ሥራ ወጥቼ፣ ቦቲዬ ላይ የተጋገረውን ጭቃ በእንጨት ስፍቅ ነው። የደወለችልኝ የአከራዬ ልጅ ትዕግሥት ናት። ታለቅሳለች። «ጋሽ ወልዴ አረፉ» አለችኝ። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ነፍስ ይማር ይላል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «እንዴ! የመጨረሻው ክፍል ሳይታይ?» የሚል ነበር። ትዕግሥት ስልኩን ዘጋችብኝ።

እስካሁንም አላፈርኩበትም። ያ ሰው ትዳሬን ምላሱ ላይ አንጠልጥሎ አንድ በጋና አንድ ክረምት ሲያወዛውዘኝ ከርሞ፣ ሊያወርደው ቃል በገባልኝ ማግስት ነው የሞተብኝ። በሕይወት ሳለ አንቱ እያልኩት ኖርኩ። ዕድሜው የአባቴ ነው፤ ደግሞም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማኛል። አሁን ግን «እሱ» እለዋለሁ። ይህችን ታህል ብድር እንድመልስ ይፈቀድልኝ።

ጋሽ ወልዴ ዕድሜውን በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ያሳለፈ ጡረተኛ ነበር። ከሳሽ በካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሲናገር ለዳኛው በአማርኛ፣ ዳኛው በአማርኛ ሲናገር ለተከሳሽ በካፊኖኖ። አጭር ነው፤ ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ዘነበም አልዘነበም ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ይዞራል። ጫማው ሁልጊዜ እንደተወለወለ ነው። በቦንጋ ጭቃ! እኛ ከቢሮ እስከ ገበያ ደርሰን ስንመለስ እስከ ጉልበታችን ቡኒ እንሆናለን፤ እሱ ግን ከአጥር ወዲያ ከቤቱ ተነሥቶ ሲመጣ አንዲት ነጠብጣብ የለችበትም። በምን መንገድ እንደሚሄድ ዛሬም አላውቅም። ይህ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። በቡና ባለሙያነት ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ የተከራየኋት ክፍል እማማ አስካለ ግቢ ውስጥ ነበረች። እማማ አስካለ ከቦንጋ ወጣ ብላ ያለችው የማንኪራ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ትዕግሥት አስተማሪ ሆና ከተማ ቤት ስትሠራ አብረዋት ገቡ እንጂ፣ ልባቸው ያለው ማንኪራ ጫካ ውስጥ ካለው ቡናቸው ጋር ነው። ለቀማ ሲደርስ በሽታም ዝናብም አያስቀራቸውም። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፦ «ቀንሺ»፣ «ውሸትሽን ነው»፣ «ነገ ነይ»። እኔን «አንቺ» ይሉኛል፤ ትዕግሥትን ደግሞ በአማርኛ ሲጠሯት «አንተ»። ከዚያ ያለፈውን አማርኛ ጋሽ ወልዴ ነው የሚያሻግርላቸው።

ትዕግሥትን ወደድኳት። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ወሬው ስለ እሱ ነው። እሷም እንደወደደችኝ ነግራኛለች፤ የቀረው እናቷ ነበሩ። እናቷ ደግሞ ተመድቦ የመጣ ሰው ዝውውር ሲያገኝ ሻንጣውን አንሥቶ እንደሚሄድ ከሰፈሩ ሁሉ አይተዋል።

እሁድ ከሰዓት በአማርኛ ተተርጉሞ የሚቀርብ የባሕር ማዶ ተከታታይ ድራማ ነበር። ርዕሱ «ጥላዋን የሸጠችው ንግሥት» ይላል። ጠንቋይ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ የሚናገር ተራራ፣ ምኑ ቅጡ። ጎረቤቱ እማማ አስካለ ሳሎን ውስጥ ይታጨቃል፤ ጋሽ ወልዴ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይሰየማል። የመክፈቻው ዘፈን እንዳለቀ ብድግ ብሎ ቀኝ እጁን ያነሣና «የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ በታማኝነት እተረጉማለሁ» ብሎ ይምላል። በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚምለው። ከዚያ ይቀመጥና መዋሸት ይጀምራል።

በመጀመሪያው ክፍል ንግሥቲቱን ጠላት ይከባታል። መውጫ ስታጣ የባሕር ጠንቋይዋ ዘንድ ሄዳ ጥላዋን ትሰጥና ሠራዊት ትቀበላለች። ጥላዋ ማለት ፀሐይ ላይ ስትቆም መሬት ላይ የሚያርፈው ጥላዋ ነው፤ ሕፃን ልጅም አይስተውም። ጋሽ ወልዴ ጃንጥላውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረና ለእማማ አስካለ በካፊኖኖ እንዲህ አላቸው፦

«ይቺ ሴትዮ የቡና ጥላዋን ሸጠች።»

«ዛፉን?»

«ዛፉን ነዋ። ዋንዛውንም፣ ብርብራውንም፣ ሰሳውንም።»

«ቡናዋስ?»

«ቡናዋማ ፀሐይ ላይ ቀረ።»

እማማ አስካለ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ እንባቸው መጣ። እኔ ጥግ ተቀምጬ፣ እማማ ማንም ባልሞተበት ቦታ ለምን ያለቅሳሉ ብዬ ግራ ገባኝ።

ያኔ አንዲት ቃል ካፊኖኖ አልሰማም ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ቋንቋውን ለምጄ ትዕግሥትን አንድ በአንድ ካናዘዝኳት በኋላ ነው። ስለዚህ የምናደደው ወደ ኋላ እየተመለስኩ ነው፤ ንዴቴ እንኳ ውዝፍ ነው። ሰውየው አማርኛ ባያውቅ ኖሮ ተሳስቶ ነው እል ነበር። እሱ ግን ጥላ ስንት ነገር እንደሆነ ከእኔ አብልጦ ያውቃል። አማርኛው የዳኛ አማርኛ ነው፤ እኔ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት እንግሊዝኛ ስከት እሱ አንድም አይከትም ነበር።

አንዴ ከጀመረ በኋላ መመለሻ የለውም። ንግሥቲቱ ቡና አምራች ከሆነች የቀረውም ሁሉ ወደ ቡና መግባት አለበት፤ አስገባው። በሁለተኛው እሁድ ጠንቋይዋ የላከቻቸው ፊት የሌላቸው ወታደሮች ከባሕር ወጡ። «ለቀማ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው» አላቸው። እማማ አስካለ ጠጋ ብለው አዩና «ፊታቸው የታለ?» አሉ። «አሠሪ የቀን ሠራተኛን ፊት አይቶ ያውቃል?» አለ። ይህቺ ትንሽ ጥሩ ናት፤ አልክድም። ድራማው ውስጥ ግን የለችም።

ከዚያ በኋላ ባለ ክንፉ ፈረስ መጣ። «ንብ ነው።» «ይህን ያህላል እንዴ?» «የውጭ ዝርያ ነው፤ ፕሮጀክት ያመጣው።» እማማ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማንኪራ ዛፍ ላይ የሰቀሉት ቀፎ ስላላቸው ይህን ንብ የት እንደሚያስገቡት ሳያስቡ አልቀሩም። ቤተ መንግሥቱን በረዶ ሲሸፍነው «ጥላ የሌለው ማሳ ውርጭ ይመታዋል፤ ብያለሁ» አለ፤ ሴቶቹ ሁሉ እውነት ነው አሉ። የሟቹ ንጉሥ መንፈስ በመስታወት ውስጥ ብቅ ያለ ዕለት ደግሞ ታቶ አለው፤ በድሮ ጊዜ ካፋ ንጉሡን የሚጠራበት ስም ነው። «ታቶው መቃብር ውስጥ ሆኖ የዛፉን ሽያጭ ሰምቶ፣ ይግባኝ ሊል መጣ።» እኔ የማላውቀው ቋንቋ መሐል «ይግባኝ» የሚል ቃል ሰምቼ፣ እዚህ መስታወት ውስጥ ምን ይግባኝ አለ እያልኩ ሳሰላስል ክፍሉ አለቀ።

ከሁሉ የከፋው አማካሪው ነው። ድራማው ውስጥ ፊቱን እንደ ሸሚዝ የሚቀያይር፣ ንግሥቲቱን ጥላሽን ሽጪ ብሎ የመከረ፣ ቤተ መንግሥቱ ሥር ባለች ጨለማ ክፍል የሚኖር ከዳተኛ አለ። ጋሽ ወልዴ ለዚህ ሰው ስም አወጣለት፦ «ኤክስፐርቱ»።

ግቢ ውስጥ ኤክስፐርት ተብሎ የሚጠራው እኔ ነኝ።

እንግዲህ አስቡት። ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ቃል አይገባኝም። ከዚያ ንግግር መሐል ድንገት «ኤክስፐርት» የምትል ቃል ብድግ ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል፤ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። እኔም ሞኝ፣ አብሬ እስቃለሁ። «ምን አሉ?» እላለሁ ትዕግሥትን። «ምንም።» «ይህ ሁሉ ሳቅ ለምንም ነው?» «ቀልድ ነው ባክህ፤ በአማርኛ አይመጣም።» እሷም ታዲያ እንባዋን እየጠረገች ነው የምትነግረኝ፤ የሳቅ እንባዋን።

ለምን እኔን እንደመረጠ አውቃለሁ። እንደመጣሁ ሰሞን እማማ አስካለ ስለ ማንኪራው ቡናቸው ጠይቀውኝ፣ ማሳውን አይቼ በጋሽ ወልዴ በኩል «ጥላው በዝቷል፤ ትንሽ ቢሳሳ ቡናው ይሻለዋል» ብዬ ነበር። ሙያዊ ምክር ነው፤ የትም ወረዳ የምንለው። ምን ብሎ እንዳሻገረው እግዜር ይወቅ። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አስካለ በር ላይ ስንገናኝ መጀመሪያ የሚያዩት እጄን ሆነ፤ መጋዝ ይዤ እንደሆን።

አንድ እሁድ አልቻልኩም። «ጋሽ ወልዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ድራማው እንዲህ የሚል አይመስለኝም» አልኩት።

ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «ካፊኖኖ ትሰማለህ?»

«አልሰማም።»

«ታዲያ ያልሰማኸውን በምን ትቃወማለህ?» ወደ ተመልካቹ ዞረ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መቃወሚያው ውድቅ ይደረግልን።» ከዚያ ይህንኑ በካፊኖኖ ደገመው፤ ይህንን ግን ሳይጨምር ሳይቀንስ። ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ።

ካፊኖኖ ለመማር የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ሰው ቋንቋ በፍቅር ይማራል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ በጥላቻ ነው የተማርኩት፤ ጥላቻ ደግሞ እንቅልፍ የማይወድ አስተማሪ ነው። ባጃጅ ስሳፈር ከሾፌሩ፣ ገበያ ስወርድ ከማር ሻጮቹ፣ መስክ ስወጣ ከገበሬው እለቃቅም ጀመር። ቢሮ ውስጥ «ሕዝቡን ለማገልገል ብሎ ነው» ብለው አመሰገኑኝ። አንድ ሽማግሌ ለማዋረድ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ሰላምታውንና ቁጥሩን አልፌ ወደ ዐረፍተ ነገር ስገባ፣ ከጋሽ ወልዴ አፍ ሙሉውን የገባኝ የመጀመሪያው ንግግር እንዲህ የሚል ነበር፦ «ኤክስፐርቱ ዛሬ ፊቱን ታጥቧል፤ ልጅ ሊጠይቅ ነው መሰለኝ።»

እውነቱን ነው፤ በማግሥቱ አጎቴ ሊገባ ነበር።

አጎቴ ጋሽ እሸቱ ደሴ ውስጥ ሽምግልና ያለ እሱ የማይደምቅ፣ አፉ ማር የሆነ ሰው ነው። የተጣላ ባልና ሚስት ንግግሩን ለመስማት ሲሉ ሳይታረቁ ይቆያሉ ይባላል። አገር አቋርጦ፣ ወገቡ ተሰብሮ ቦንጋ ደረሰ። ከመሥሪያ ቤቴ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዞ እማማ አስካለ ሳሎን ገባ። የሚተረጉም ሰው ሲፈለግ፣ ልጅቷ የራሷን ጥያቄ ልትተረጉም አትችልም፤ እማማ አስካለም «ወልዴ ይንገረኝ፤ እሱ ምሎ ነው የሚተረጉመው» አሉ። እኔ በወጉ መሠረት ክፍሌ ተቀምጫለሁ። ክፍሌ ደግሞ ከሳሎኑ መስኮት ትይዩ ናት።

አጎቴ ብድግ ብሎ ነጠላውን አጣፋ። «እማማ» አለ፣ «ከደሴ ድረስ የመጣነው ያለ ነገር አይደለም። ልጃችን እርስዎን እናት ብሎ፣ በጥላዎ ሥር ተጠልሎ ሊኖር ይመኛል። ጥላዎን እንዳይነፍጉን ልንለምን ነው የመጣነው።»

መስኮቱ ሥር ሆኜ «ጥላ» የምትለዋን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ከአማርኛ ቃል ሁሉ ይህችን! ከለላ ቢል ምናለ፣ ክንፍዎ ቢል ምናለ።

ጋሽ ወልዴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከደሴ ድረስ የመጡት ስለ ጥላሽ ነው» አላቸው። «ጥላሽን እንዳትከለክያቸው ይለምኑሻል። ልጁ ጥላሽ ሥር መግባት ይፈልጋል።»

«ማንኪራ ያለውን?»

«ሌላ የት ጥላ አለሽ?»

ይህቺን «ሌላ የት ጥላ አለሽ» ማንም አልተናገራትም። አጎቴ አላለም፣ እማማ አስካለ አላሉም፣ ድራማውም አላለም። ከራሱ ሆድ ያወጣት ናት፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። እማማ አስካለ ተነሥተው ቆሙ። አጎቴ ፊታቸው ሲጠቁር አይቶ «ምን አሉ?» ሲል፣ ያ ጉድ በዚያ ጥርት ባለ አማርኛው «ክቡራን፣ ጉዳዩ ለብይን ተቀጥሯል» አለው።

«ለመቼ?»

ጋሽ ወልዴ ጠየቃቸው። እማማ አስካለም ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው መለሱለት። የሚገርመው ይህንን መልስ ጠብታ ሳያስቀር በትክክል ተረጎመው፦ «ያቺ ሴትዮ ጥላዋ ይመለስላት እንደሆነ ልይ፤ ከዚያ እናገራለሁ ብለዋል።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«የቴሌቪዥኗ።»

አጎቴ ነጠላውን ሰብስቦ ወጣ። በኋላ ክፍሌ መጥቶ አልጋዬ ላይ ተቀመጠና «ልጄ፣ በሽምግልና ዘመኔ ለመስቀል ተቀጥሬያለሁ፣ ለፋሲካ ተቀጥሬያለሁ። ለቴሌቪዥን ተቀጥሬ አላውቅም» አለኝ። በማግሥቱ ጧት ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ፤ ስንቅ እንኳ እንድይዝለት አልፈቀደም።

ትዕግሥትን «ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያቸው እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባት። «ነገርኳት» አለች። «'ወልዴ ምሎ ነው የተረጎመልኝ፤ አንቺ ትምያለሽ?' አለችኝ። እኔ ደግሞ መማል አልወድም።» ስሟ ትዕግሥት ነው፤ ለእኔ ግን ከስሟ አልተረፈኝም። አኩርፌያት ሰነበትኩ፤ ተመልሼ ታረቅኩ፤ ምን ላድርግ።

ከዚህ በኋላ እሁድ መዝናኛዬ መሆኑ ቀርቶ የችሎት ቀን ሆነ። እዚያች ሳሎን ውስጥ ጥግ ተቀምጬ የአንዲት የባሕር ማዶ ሴት ጥላ እንዲመለስ ስጸልይ እውል ነበር። በአንዱ ክፍል ንግሥቲቱ መብራት ይዛ በጨለማ መተላለፊያ ስትሄድ፣ ግድግዳው ላይ ረዥም ጥላ ተዘረጋ። ከመቀመጫዬ ዘልዬ በተሰባበረ ካፊኖኖዬ «ተመለሰ! ጥላዋ ተመለሰ!» አልኩ። እማማ አስካለ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩ። እሱም እንደ ታማሚ ልጅ በአዘኔታ አይቶኝ፣ «ያ የእሷ አይደለም። ኤክስፐርቱ ከኋላዋ ቆሞ ነው፤ የእሱ ጥላ ነው» አላቸው።

እውነትም ከኋላዋ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ይህ የበለጠ አቃጠለኝ።

ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ወልዴ አሞት መምጣት ቀነሰ። ትዕግሥት ካልጠየቅካቸው አላናግርህም ብላ ብርቱካን አስይዛ ላከችኝ። አልጋ ላይ ነው፤ ጃንጥላው ራስጌው ተሰቅሏል፤ ጫማው አልጋው ሥር ተወልውሎ ተቀምጧል። ማን ሊሄድበት! ብርቱካኑን አስቀምጬ ስንት ሌት ስለማመደው የኖርኩትን ጥያቄ በካፊኖኖ ጠየቅኩት፦ ምን በደልኩዎ?

በጥሞና ሰማኝ። የቃሌን መጨረሻ አረመልኝ። ከዚያ በአማርኛ እንዲህ አለኝ፦

«በእኔ አፍ ስንት ሰው እንደተፈረደበት ታውቃለህ? አንዳንዱ አነጋገር አያውቅም፤ የሚያስረውን ቃል ራሱ ይናገራል። አንዲት ቃል ባለሰልስለት ነጻ የሚወጣ ነበር። አላለሰለስኩም፤ ምዬ የለ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ፣ ሄደ፣ ታሰረ። እንግዲህ ጡረታ ወጥቼ እንኳ ልጨምር እንጂ።»

እዚህ ላይ ልቤ መራራት ነበረበት። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ይስም ነበር። እኔ ግን «ታዲያ የእኔን ትዳር ነው የሚጨምሩበት?» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ላንተም እጨምርልሃለሁ። የመጨረሻው ክፍል ይድረስ። ዛፉን ሁሉ አበቅልልሃለሁ፤ ዋንዛው ሰማይ እስኪነካ። ቃሌ ነው።» ቀኝ እጁን ለማንሣት ሞከረ፤ እስከ ትከሻው ብቻ ደረሰች። እኔም አመንኩት። ስወጣ ልቤ ቀልሎኝ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጤናውን ነገር ከልቤ ለመንኩ፣ ለአንድ ክፍል የሚሆነውን።

በማግሥቱ ለመስክ ወጣሁ፤ ትዕግሥት ደወለች። ያቺን «የመጨረሻው ክፍል ሳይታይ?» ያልኳት ለዚህ ነው።

ቀብሩ ላይ ተገኘሁ፤ ሬሳውን ከተሸከሙት መሐል ነበርኩ። ከብዶኝ ነበር። ሐዘኑ እስኪወጣ ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኖ ከረመ፤ የመጨረሻው ክፍል በድጋሚ ሲቀርብ ግን እማማ አስካለ ነጠላውን ገለጡት። ጎረቤቱ ገባ። ያቺን ወንበር ማንም አልነካትም።

ክፍሉ ተጀመረ። ንግሥቲቱ ጥላዋን ለማስመለስ ወደ ባሕሩ ትሄዳለች። ጠንቋይዋ ግን ጥላው ተሽጦ ተሽጦ የማን እጅ እንደገባ አላውቅም አለቻት። ንግሥቲቱ ልብሷን እየጎተተች ወደ ውኃው ገባች፤ ጉልበቷ፣ ወገቧ፣ አንገቷ። ዘፈኑ እንኳ ለቅሶ ነው። ይህ የትኛው ደራሲ ነው እንዲህ የጨከነብኝ?

እማማ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ተርጉሚ» አሉኝ በአማርኛ። ቀጥለውም፣ «መጀመሪያ ማይ።»

ተነሣሁ። ቀኝ እጄን አነሣሁ። ትዕግሥት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ በታማኝነት እተረጉማለሁ ብዬ በካፊኖኖ ማልኩ፤ ቃል በቃል ይዤው ኖሯል። ቁጭ አልኩና ጀመርኩ።

«ሴትዮዋ ችግኝ ልታመጣ ነው የሄደችው» አልኩ።

«ያ ሁሉ ውኃስ?»

«ዝናብ ነው። ችግኙ እንዲይዝ ጥሩ ዝናብ ዘንቧል። አሁን እየተከለች ነው። ዋንዛ ተከለች። ብርብራ ተከለች።» የንግሥቲቱ ጭንቅላት ሰጠመ። «ጎንበስ ያለችው ለዚህ ነው» አልኩ።

«ኤክስፐርቱስ?» አሉ እማማ አስካለ።

ቤቱ ሁሉ እኔን አየ። በዚያች ሳሎን ውስጥ ያቺን ቃል ስንቴ ሰምቻታለሁ፤ በራሴ አፍ ግን አውጥቻት አላውቅም። «ኤክስፐርቱ» አልኩ፣ «መጋዙን ወንዝ ጥሎ ጉድጓድ እየቆፈረላት ነው። ሴትዮዋ ቆማ ታዘዋለች፤ ጥልቀቱ አልበቃም ትለዋለች፤ እንደገና ይቆፍራል። እጁ ተላልጧል። ዛፉ አድጓል። ጥላዋ ተመልሷል።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ትዕግሥት ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ትንቀጠቀጣለች። እማማ አስካለ ብቻ አልሳቁም። የተዋንያኑ ስም ወርዶ እስኪያልቅ ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና በካፊኖኖ ተናገሩ።

«ሴትዮዋ ባሕር ገብታ ሞታለች። ዓይን አለኝ።»

ሳቁ ጠፋ።

«ወልዴም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዋሽ ነበር። በረዶ ላይ ቡና የት አገር ይበቅላል? ደስ ስለሚለው ነው ዝም ያልኩት፤ እኔንም ደስ ይለኝ ነበር። የመጣ ሁሉ ቋንቋችንን ሳይሰማ ይሄዳል፤ ዝውውሩ ሲወጣ በሩን እንኳ አይዘጋም። አንተንም እስከ መጨረሻው ልይህ ብዬ ነው ያቆየሁህ።» አንድ ጊዜ ባዶዋን ወንበር አዩ፤ ተመልሰው እኔን አዩኝ። «ሰው በቋንቋችን እንዲህ መዋሸት ከቻለማ አይሄድም። አጎትህን ጥራ።»

አጎቴ ለመምጣት ብዙ አስለመነ። «ቴሌቪዥኑ መጥፋቱን አረጋግጠህ ነው?» አለኝ። መጣ፤ ተናገረ፤ ጥላ የምትል ቃል እንዳይጠቀም አስምዬው ነበርና ምላሱ ላይ በመጣች ቁጥር ይደናቀፍ ነበር። ተጋባን። አንዳንድ እሁድ ማንኪራ ስንወርድ እማማ አስካለ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ጥላው በጣም መብዛቱን እያየሁ አፌን እዘጋለሁ።

ጋሽ ወልዴን ግን ይቅር አላልኩትም። ቢኖር ኖሮ ሠርጌ ላይ መሐል ገብቶ፣ በዚያ በተወለወለ ጫማው ቆሞ፣ ጃንጥላውን ወደ እኔ ቀስሮ «ክቡራን፣ እኔ ነኝ የዳርኳቸው» ይል እንደነበር አውቃለሁ፤ ዕድሜ ልኬንም ይህንኑ እሰማ ነበር። ሞቶ ገላገለኝ እንዳልል ደግሞ አልገላገለኝም። በቀደም አዲስ ድራማ ተጀመረ፤ ሰባት ራስ ስላለው ዘንዶ ነው። ዘፈኑ እንዳለቀ እማማ አስካለ ያቺን ወንበር በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። ተነሥቼ ቀኝ እጄን አነሣሁ።